ባንዲራ የያዘው አጥቂ

አንድ ሰው ነበረ። አጥቂ ነበር፤ ጎል እያገባ እንጀራውን የሚበላ።

እግርሽን ዘርጊ እንጂ ረድኤት! እንዲህ ከተኮማተርሽብኝ ጡንቻሽን ከየት ላግኘው? አዎ፣ እንዲያ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ያለፈ ዕድል ይመለሳል ወይ?» ነው ያልሽኝ። አምና አሥራ አራት ጎል አግብተሽ ዘንድሮ በዘጠኝ ጨዋታ አንድም አለማግባትሽን አውቃለሁ። ቦርሳሽ ውስጥ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳለም ራስሽ ነግረሽኛል። ነገ ጠዋት ለአሰልጣኝሽ ሰጥተሽ ኳስን እስከ ወዲያኛው ልትተዪ ነው። እኔ ወጌሻ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የተጫዋች እግር ሳሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍልስፍና አልችልም። የማውቀው የዚህን አጥቂ ነገር ነውና እሱን ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ብትሰጪም ባትሰጪም የራስሽ ጉዳይ ነው።

ሰውየው የመጣው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋ ሜዳ በአንድ ወገኑ ገደል ነበረው። ኳስ ገደል ከገባ ወርዶ የሚያመጣው ያው የመታው ስለሆነ እዚያ ያደገ ልጅ ሁሉ አይቶ ነው የሚመታው። በዚህ ዓይነት እግሩ ተገራ። አንድ ትልቅ ክለብ አየውና አስፈረመው።

በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ጎል አገባ። በሁለተኛው አሥራ አምስት። በሦስተኛው ሃያ አንድ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ተባለ። አይ ያን ጊዜ! ደጋፊው ከስታዲየም እስከ አደባባዩ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ ወሰደው። ታክሲ ቢገባ ወያላው «ኧረ አይደረግም!» እያለ ሂሳብ አይቀበለውም። ከክለቡ ካምፕ ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ደግሞ አቮካዶና ማንጎ የሚደረብበትን ረጅሙን ብርጭቆ በሱ ስም ጠራው። ሰው ይገባል፣ የሱን ስም ጠርቶ ያዛል፣ ጠጥቶ አፉን ጠርጎ ይወጣል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ትንሽ ኮራ፤ እንዲህ ተደርጎለት ማን አይኮራም?

በአራተኛው ዓመት ለዋንጫ ደረሱ። አንድ ለአንድ ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከቀኝ መስመር ኳስ ተሻገረለት። በረኛው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ ነው። እግሩን ዘረጋ። ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ነበርና ኳሱ በታኬታው ጫፍ በኩል ሾልኮ አለፈ። ባላጋራቸው በዚያው ወጥቶ አገባና ዋንጫውን ወሰደ። መልበሻ ቤት ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እሱ ግን ፎጣ ተከናንቦ ለራሱ «ሁለተኛ አልዘገይም» አለ።

የጎዳችው ይህች ቃል ናት።

ሕጉን ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ለነገሩ ስለሚያስፈልገኝ ግን ታገሺኝ። ኳሱ ከአቀባዩ እግር ሳይነሳ ከመጨረሻው ተከላካይ አልፎ የተገኘ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ነው። ቢያገባም አይቆጠርለትም። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሳል፣ አለቀ። ይህ ሰው እንግዲህ እንዳይዘገይ ብሎ ቀድሞ መሮጥ ጀመረ። ኳስ ይመጣለታል፣ ያገባል፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ደጋፊው ይበራል፤ ዞር ሲል ባንዲራው ተነስቷል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ጎል በተሻረበት ቁጥር ይርበዋል፤ በራበው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቸኩላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? በሦስት ዓመት የገነባው ስም በአንድ ወቅት ውስጥ ተፈታ።

ጥፋቱን ከራሱ ላይ መች ፈለገው! መጀመሪያ የመስመር ዳኞችን ጠላ። «ዓይንህ ታሟል!» እያለ ይጮህባቸዋል፤ ቢጫ ካርድ እያሳዩት ይመለሳሉ። ከዚያ ታኬታውን ጠረጠረና ሦስት ጊዜ ቀየረ። ከዚያ ደግሞ አንዱ ወዳጁ ጠጋ ብሎ «ይሄ ነገር በደህና አይደለም፣ አንድ ነገር ተደርጎብሃል» አለው። ድግምት ነው ማለቱ ነው። ሰውየው ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀ፤ በስምንተኛው ቀን ሜዳ ገብቶ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ባንዲራ ወጣበት። ጠበሉ ምን አጠፋ? ጠበል ያድናል እንጂ ቁም ሲሉት ለማይቆም ሰው ልጓም አይሆንም።

ክለቡ ከሌላ ከተማ አንድ የሃያ ዓመት አጥቂ አመጣ። ፈጣን ነው፣ ልበ ደፋር ነው፣ የዚያኑ ሰሞን ሁለት አገባ። ጭማቂ ቤቱም የረጅሙን ብርጭቆ ስም ቀየረው። ሰውየው አንድ ቀን ሳያውቅ ገብቶ በገዛ ስሙ ቢያዝ አስተናጋጁ አፍሮ «ጋሼ፣ እሱ አሁን በሌላ ስም ነው» አለው። ጠጣው። ጣዕሙ ያው ነበር። እሱ ግን እንባው መጣ።

በሚያዝያ አሰልጣኙ ጠራውና በግልጽ ነገረው። «ውልህ ሰኔ ላይ ያልቃል። እንዲህ ከቀጠልክ አላሳድስልህም። ሚስትና ሁለት ልጅ እንዳለህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ዛሬ የምነግርህ።» ሰውየው ከኳስ በቀር የተማረው ሙያ የለውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ በዚያ ስም የወጣን አጥቂ የሚፈልግ ሌላ ክለብ አልነበረም።

አሁን ነው ነገሩ። በዚያ ክለብ ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይጫወቱ ነበር። ዳኛው ምክትል አሰልጣኙ ነው። የመስመር ዳኛ ግን ከየት ይመጣል? ወይ የተጎዳ ተጫዋች ወይ የተቀጣ ሰው ቢጫ የልምምድ ሰደርያ በዱላ ጫፍ አስሮ መስመሩን ይይዛል። ተጫዋቾቹ ከዚያ ይልቅ ሜዳውን ሃያ ጊዜ መዞር ይመርጣሉ፤ ለነሱ ውርደት ነው። የዚያን ሳምንት ሐሙስ አሰልጣኙ ዱላውን አንስቶ ለማን ሰጠው? ለኮከብ ግብ አግቢው!

ደሙ ፈላ። ጥሎት ሊሄድ ሁሉ ከጅሎ ነበር። ልጆቹ ትዝ አሉትና ተቀበለ።

አጥቂ ጨዋታን ከፊት ለፊት ነው የሚያየው። ጎሉን ያያል፣ በረኛውን ያያል፣ ኳሱን ያያል። ራሱን ከጎን አይቶ አያውቅም። ይህ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ ላይ ቆሞ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል እየሄደ ጨዋታን ከጎን አየ።

አዲሱ አጥቂ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ አገባ። ሰውየው ሰደርያውን አነሳ። ጎሉ ተሻረ። ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ሌላ አገባ፤ አሁንም አነሳ። በሦስተኛው ሜዳው ሁሉ «ቅናት ነው! ቅናት ነው!» እያለ ተንጫጫ። በረኛው ከወዲያ ማዶ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» ብሎ ሲጮህ አሰልጣኙም ሳይቀር ሳቀ። ወጣቱ በንዴት እየሮጠ መጣና ፊቱ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ዓይንህ ታሟል እንዴ?»

ሰውየው ያቺን ቃል ያውቃታል፤ ስንት ዳኛ ላይ ጮኾባታል። እውነት ይሁን ቅናት እሱም ራሱን አላመነም ነበርና በአራተኛው ኳስ ኳሱን ማየት ትቶ የወጣቱን እግር ብቻ ተመለከተ። አቀባዩ ገና አንገቱን አላነሳም፤ የወጣቱ ተረከዝ ግን ከመሬት ተነስቷል። ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ብለሽ ሁለት ሳትዪ፣ ተከላካዩ ወደ ኳሱ ዞረና ከኋላው ሰፊ ቦታ ተከፈተ። መኪና የሚያዞር ቦታ! ኳሱም እዚያው ባዶው ቦታ ላይ መጥቶ ወደቀ። የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም፤ ቦታው ሳይከፈት አልፎት ሄዷልና። ሰውየው ሰደርያውን ማንሳቱንም ረሳ። «እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «በእግዚአብሔር፣ እኔ ነኝ!»

ልምምዱ አለቀ። ሰው ሁሉ ታጥቦ ወጣ። እሱ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከልቡ ጋር ተሟገተ። ልቡ «ዝም በል» ይለዋል። «ያየኸውን ለራስህ ያዝ። ልጁ እንዲሁ እየቸኮለ ጎሉ ሁሉ ሲሻርበት ሰኔ ላይ አሰልጣኙ ወዳንተ ይመለሳል። ልጆችህን አስብ እንጂ።» መጥፎ ምክር አይደለም፣ እውነቴን ነው። እኔ ብሆን ሳልቀበለው አልቀርም ነበር።

ወጣቱ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ግን ሰውየው ተነስቶ ክንዱን ያዘው።

«ስማ። ኳሱ ሳይነሳ ትነሳለህ። አቀባዩ አንገቱን እስኪያነሳ ከተከላካዩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆይ። ቦታው ይከፈታል፤ አንተ ካለፍክ በኋላ ሲከፈት አይቼዋለሁ።»

ወጣቱ በጥርጣሬ አየው። «ለምን ትነግረኛለህ? ያንተን ቦታ እንደምፈልግ ታውቃለህ አይደል?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ስትሮጥ ያየሁት ራሴን ነው። ላንተ የደበቅኩትን ነገር ለራሴ ልነግረው አልችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከልምምድ በኋላ ይቀሩ ነበር። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሰደርያ ያለበትን ዱላ ይዞ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። «ቸኮልክ!» ይላል አንዱ። «አንተስ ምን ጠብቀህ ነው? ትንሽ ብትቆይ ታረጅ ነበር!» ይላል ሌላው። ሲሳደቡና ሲሳሳቁ ይመሻል።

ወጣቱ ማግባት ጀመረ። ሰውየው ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አላዘነም ብዬ አልዋሽሽም፤ አዝኗል። አንድ እሑድ ሚስቱ «ለባላንጣህ ቢላ ስለህ ሰጠኸው» አለችው።

ወቅቱ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀር ወጣቱ በሰባኛው ደቂቃ ጡንቻው ተሸማቀቀና ወጣ። ሰውየው ገባ። ደጋፊው «ኧረ እባክህ አሰልጣኝ!» ብሎ አጉረመረመ። የመጀመሪያው ኳስ ተላከለት። ጠበቀ፤ አብዝቶ ጠበቀና ዘገየ። በረኛው ወጥቶ ኳሱን አቀፈው። ስታዲየሙ በፉጨት ተሞላ። ዓመቱን ሙሉ ያባረረችው ያቺ መዘግየት መጥታ ያዘችው ማለት ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ምንም። ሰማዩ አልተደፋም። ጨዋታው ቀጠለ፣ እሱም ካልሲውን ወደ ላይ ስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ኳስ መሀል ሜዳ ተነጠቀ። ሰውየው ከተከላካዩ ጎን ቆመ። አቀባዩ ኳሱን አስተካከለ፤ ቆየ። አንገቱን አነሳ። ያኔ ሄደ። ተከላካዩ ሲዞር ከኋላው ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ኳሱና ሰውየው እኩል ደረሱበት። ዝቅ አድርጎ በበረኛው ቀኝ በኩል አስገባው። እጁን አልዘረጋም። መጀመሪያ ዞሮ መስመር ዳኛውን አየ። ባንዲራው ከዳኛው ጭን አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ አልተነሳም። ከወንበሩ ዘሎ በአንድ እግሩ እያነከሰ ቀድሞ የደረሰውና አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ያ ወጣት ነበር።

አሰልጣኙ ውሉን ለአንድ ዓመት አሳደሰለት። ለአንድ ዓመት ብቻ፤ ተረት እያወራሁሽ አይደለም። ሃያ አንድ ጎል ዳግመኛ አላገባም። ዘጠኝ ያገባበት ዓመት አለ፣ ሦስት ያገባበትም አለ። ኋላ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ አራት ዓመት ተጫወተ፤ እዚያም አንዴ ሰባት ጨዋታ ደርቆበት ያውቃል። ግን ዳኛ አልሰደበም፣ ታኬታ አልቀየረም። አንዱን ጓደኛውን «ና እስቲ መስመሩ ላይ ቆመህ እየኝ» ይለዋል፣ ያስተካክላል፣ ይጠብቃል። አሁን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። ሆዱ ወጥቷል፣ እንቅልፉ ደህና ነው፣ ያ ወጣት የልጁ ክርስትና አባት ነው።

«አንተ ነህ አይደል?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ብቻ። እኔ ስመታ ኳሱ ቆሞ ጫማዬ ነው የሚሄደው።

በይ ያኛውን እግር አምጪ፤ አሁን ደግሞ ያንቺን ልናገር። ሰውየው የሮጠው ስለ ሰነፈ አይደለም፣ ስለ ፈራ ነው። አንቺም ሰነፍ አይደለሽም ልጄ። ማንም ሳያባርርሽ በፊት ልሂድ ብለሽ ፈርተሻል። ወቅቱ ሊያልቅ ገና ስምንት ጨዋታ አለ። ጓደኞችሽ ሜዳው ላይ ናቸው፣ አሰልጣኝሽ አሁንም ታሰልፍሻለች። አንቺ ግን በልብሽ ስምንቱንም ተሸንፈሽ፣ ክለቡን ለቀሽ፣ እናትሽ ቤት ገብተሽ በሩን ዘግተሽ ተቀምጠሻል። ከሁላችንም ቀድመሽ ሄደሽ እዚያ ብቻሽን ቆመሻል፤ ከዚያ ሆነሽ ነው «ያለፈ ዕድል ይመለሳል ወይ?» የምትዪኝ። ማን አለፈ? ዕድልሽ ያ ተከላካዩ ሲዞር የሚከፈተው ቦታ ነው። እሱ አላለፈሽም፤ ገና ከኋላሽ ሊከፈት ነው። ያለፍሽው አንቺ ነሽ። ተመልሰሽ ከሰው እኩል ቁሚ።

ቁሚ ስልሽ ታገቢያለሽ ማለቴ አይደለም። ቆመሽም ልትዘገዪ ትችያለሽ፤ ፉጨቱን ሰምተሽ ካልሲሽን ስበሽ ትመለሻለሽ። ደብዳቤውንም ቅደጂው አልልሽም። ኳስ የምንተውበት ቀን ለሁላችንም አለ፤ ሲደርስ እኔው ራሴ ቦርሳሽን ይዤ እሸኝሻለሁ። ነገ ግን ያ ቀን አይደለም።

እያለቀስሽ ነው? አልቅሺ፣ ምንም አይደል፤ ለጡንቻም ጥሩ ነው። ነገ ከልምምድ በኋላ ቅሪ። ሰደርያ በዱላ አስሬ መስመሩ ላይ እቆምልሻለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ አይሮጥም፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው።